ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ

ሰቆጣ ውስጥ በገበያ ቀን ግርግሩ ገበያው ውስጥ ብቻ አይደለም። ማሩን፣ ፍየሉን ወይም ጤፉን ሸጦ የጨረሰ ገበሬ ወደ መንገዱ ዳር ወጥቶ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ታፔላ ወደተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ጎራ ይላል። ለፍርድ ቤት ማመልከቻ የሚያስጽፍ አለ። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ቁጥሩ የመጣበት አጭር መልእክት ከስልኩ ጠፍቶበት «እስቲ ልጄ፣ ፈልጊልኝ» የሚል አባት አለ። የልጇን የ12ኛ ክፍል ውጤት ለማየት የመፈተኛ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጨብጣ የመጣች እናትም አለች። መብራት ካለ ወረፋው ቶሎ ይሄዳል። ከጠፋ ጄኔሬተር ያለው ቤት ይጨናነቃል።

ከቢሮ የመጣ ሠራተኛ ብዙ አይናገርም፤ ፍላሹን ያቀብላል። ፍላሹ ሲሰካ ፋይሉን ቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ነው፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይመጣሉ። ያ ሲጸዳ የቆየ ሪፖርት ይከፈታል። አማርኛ መሆን የነበረበት ገጽ ግን ነጥብና ጭረት በተጫነባቸው የላቲን ፊደላት፣ በቅንፍና በዶላር ምልክት ተሞልቷል። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ አትደነግጥም። ጽሑፉን በሙሉ ትመርጥና ፎንቱን ትለውጣለች፤ አይነበብም። ሌላ ትሞክራለች፤ ግማሹ አማርኛ ይሆንና ግማሹ እንደነበረ ይቀራል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሪፖርቱ ይወለዳል። ሠራተኛው እፎይ ብሎ ይከፍላል። እንዴት እንዳደረገችው አይጠይቅም፤ ኮምፒውተር ታውቃለች፣ በቃ።

ያደረገችው ግን ተራ ነገር አይደለም። የዓለም ኮምፒውተሮች የፊደል መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ ግእዝን የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያን ጊዜ በወጣው 3.0 እትም 345 የግእዝ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸው ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሎቻችንን ያስቀምጡ የነበረው ለላቲን በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ነው። አንዱ «ለ»ን ባስቀመጠበት ቦታ ሌላው «መ»ን ያስቀምጣል። ቦታውም ጠባብ ነበር፤ 256 ቁጥር ብቻ በሚይዝ ፎንት ውስጥ ሁሉም ፊደል ስለማይገባ አንዳንዶቹ ፊደሉን ከአንድ በላይ ለሆኑ ፎንቶች ያካፍሉት ነበር። ግማሹ ተነቦ ግማሹ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ ወዲህ አማርኛ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር መነበብ ቢችልም፣ በየጽሕፈት ቤቱ በድሮው ልማድ የተጻፈ ፋይል ገና አላለቀም።

በነገራችን ላይ ከመጀመሪያዎቹ የግእዝ ሶፍትዌር ሠሪዎች አንዱ የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ በትምህርታቸው የኮምፒውተር ሰው አልነበሩም። ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ነው። ኮሎራዶ ተቀምጠው ፊደሉን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት የጎደላቸውን ነገር ስላወቁ ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ሰቆጣ ስንነጋገር ይጠቅመናል።

ከጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጡት ወጣቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ አለ፤ ከቴክኒክና ሙያ በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ደረጃ 3 ወይም 4 የጨረሰች አለች፤ ወንድሙ ሱቅ ውስጥ ስልክ ፍላሽ ሲያደርግ አድጎ ክፍል ሳይገባ የተማረም አለ። ደንበኛው አይለያቸውም። ገበያውም ብዙ አይለያቸውም፤ የገጽ ዋጋ ያው የገጽ ዋጋ ነው።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የአካባቢው ገዢዎች የነበሩት የዋግሹሞች መናገሻ፣ ከአፋር ቆላ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት የንግድ ከተማ ነበረች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዞኑ ከ426 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ አብዛኛው ገጠር የሚኖር ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ኮምፒውተር ለተማረ ሰው ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ነው። ባንክ፣ ሆስፒታልና የርዳታ ድርጅት ከኋላ ይከተላሉ፤ ከሁሉም የቀረው የራሱን ሱቅ ይከፍታል።

የመንግሥቱ በር በሰፊው የተከፈተው በሳተላይት ሳህን ነበር። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ (ዓ.ም.) ወረዳኔትና ስኩልኔት የተባሉት መረቦች ተዘረጉ። ስኩልኔት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪውን ትምህርት በሚያሠራጭ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠው፤ በደቂቃ ተለክቶ የሚሄደውን የፕላዝማ መምህር ያልተማረረበት የዚያ ዘመን ተማሪ ጥቂት ነው። ወረዳኔት ደግሞ የወረዳ ባለሥልጣናትን በቪዲዮ ስብሰባ ከክልልና ከፌዴራል አገናኘ። መሣሪያው ጠባቂ ይፈልግ ነበርና የአይሲቲ ባለሙያ የሚባል መደብ በየወረዳው ተለመደ። ሰርቨሩ፣ ዩፒኤሱና ራውተሩ ያሉበትን ክፍል ቁልፍ የያዘው እሱ ነበር። ስብሰባ ሊጀመር ሲል ሁሉም የሚፈልገው፣ ካለቀ በኋላ ማንም የማያስታውሰው ሰው።

ዛሬ የሚመጣው ቴክኖሎጂ ሰርቨሩን ይዞ አይመጣም። ግንቦት 2013 የጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አለው፤ ሰቆጣ ላይ የሚያስፈልገው ግን ስልክና ወኪል ነው። የፋይዳ ምዝገባ ጣትና ዓይን የሚያነብ መሣሪያ ይዞ ገጠር ድረስ ይወርዳል፤ መረጃው የሚከማቸው ማዕከል ላይ ነው። የባንክ ቅርንጫፍ «ሲስተም የለም» ሲል ቅርንጫፉ ውስጥ የሚፈታ ብሎን የለም። ነገሩ ምን ያህል እንደተማከለ አገር የተረዳው መጋቢት 2016 ላይ ነው፤ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ማዕከላዊ ሲስተም ላይ ለሰዓታት በተፈጠረ ክፍተት በየአገሩ ጥግ ያሉ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጡ፣ አዘዋወሩም። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ከመዝገቡ እንደወጣ አስታወቀ። ስሕተቱ የተፈጠረው አንድ ቦታ ነው፤ የተስተካከለውም እዚያው።

እዚህ ላይ ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ ሲወራ የሚዘለል ነገር አለ። እያንዳንዱ አዲስ ሲስተም ሰቆጣ ውስጥ የተጠቃሚውን ቁጥር ሲያበዛ፣ መሣሪያ ለሚጠግነውና ሰርቨር ለሚጠብቀው ሰው የሚሆነውን ሥራ ይቀንሳል። የሚቀረው ሥራ ሌላ ነው፦ ሲስተሙ የገባበትን ሙያ ከሲስተሙ እኩል የሚያውቅ ሰው ሥራ።

ወሩ በ20 ሲዘጋ

ይህን በደንብ የሚያሳየው ጤናው ነው። የጤናው ዘርፍ የሪፖርት ወር በየወሩ በ21 ይጀምርና በሚቀጥለው ወር በ20 ይዘጋል። በመዝጊያው ሰሞን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ኤችአይቲ የሚባለው የጤና መረጃ ባለሙያ እንቅልፍ የለውም። የእናቶች ክትትል፣ የክትባት፣ የወባ፣ የተመላላሽ ሕሙማን መዝገቦች ተደርድረው ይቆጠራሉ፤ ድምሩ ዲኤችአይኤስ 2 ወደሚባለው ሲስተም ይገባል። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 የሚሄደው ወር ጳጉሜንን አዝሎ ስለሚመጣ ይረዝማል። የባሕር ማዶ ሶፍትዌር ይህን የኛን ወር እንዲቆጥር ማድረግ ራሱ የአንድ ሰሞን ሥራ ነበር፤ ዛሬ ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያውቃል።

ሲስተሙ መነሻው ከአፓርታይድ ማግሥት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነው፤ ያሳደገው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ነፃ ሶፍትዌር በመሆኑ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል፤ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ ይዞታል። ለዋግ ዓይነት አካባቢ ትልቁ ጥቅሙ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የገባውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ አቆይቶ መስመር ሲመለስ መላክ መቻሉ ነው።

አሁን ቁጥሩን ቀረብ ብለን እንየው። ፔንታ የሚባለው ክትባት ለሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ከአንድ ጤና ኬላ የመጣ ሪፖርት ፔንታ 1 የወሰዱ 18፣ ፔንታ 3 የወሰዱ 31 ቢል ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ይቀበላል። ኮምፒውተር ብቻ የተማረ ሰውም ይቀበላል፤ ቁጥሩ በትክክለኛው ሣጥን ገብቷልና። ሥራውን የሚያውቀው ግን ይቆማል። የመጀመሪያውን ሳይወስድ ሦስተኛውን የሚወስድ ሕፃን የለም፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ከሌላ ቀበሌ ፈልሶ ሲገባ፣ አለበለዚያ ቆጣሪው መስመር ሲስት ነው። ስልክ አንስቶ «እህቴ፣ እስቲ መዝገቡን ግለጪልኝ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። መዝገቡ ሲገለጥ 13 የነበረው 31 ሆኖ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል።

ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት የተዘጋጀ ወግ ያለው ምርመራም አለ። ባለሙያዎቹ ኤልኪውኤኤስ ይሉታል። ከወሩ ሪፖርት 12 ቁጥሮች በዕጣ ይወጡና ከመዝገቡ ጋር ይተያያሉ፤ ስንቱ እንደገጠመ ታይቶ የሪፖርቱ ታማኝነት በመቶኛ ይለካል። በቀላል ናሙና ብዙ የሚናገር ዘዴ ነው፤ ሲነደፍ ከፋብሪካ የዕቃ ጥራት ቁጥጥር የተወሰደ ነው። ይህን በቅጡ የሚሠራ ሰው የስታትስቲክስን መሠረት ያውቃል፣ የሲስተሙን አሠራር ያውቃል፣ የክትባት መርሐ ግብሩንም ያውቃል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው የሥራ መደብ ግን ይህን ሁሉ አይነግርም።

ለሰቆጣ ደግሞ የዚህ ዓይነት ቁጥር የስም ጉዳይ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ያለውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የገባው ውል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተካሄደው በተከዜ ተፋሰስ ዙሪያ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። ቃል ኪዳኑ ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃን፣ ትምህርትንና ሌሎችን በአንድ ላይ ያስተሳስራል፤ ስለዚህም የሁሉንም መረጃ በአንድ ገበታ የሚያሳይ ዩኒሴ የተባለ የሥርዓተ ምግብ መረጃ ሥርዓት ተዘርግቶለታል።

የዚህ ሥርዓት ፈተና ፕሮግራሚንግ አይደለም። የውኃው ሰው ጉድጓድ ይቆጥራል፣ የግብርናው ሰው አባወራ ይቆጥራል፣ የጤናው ሰው ሕፃን ይቆጥራል። ሦስቱ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ሲገናኙ ትርጉም እንዲኖራቸው ወረዳው በሦስቱም ዘንድ በአንድ ስም መጻፍ አለበት። «ጻግብጂ» በአንዱ «ፃግብጂ»፣ በሌላው «ጸግብጂ» ከሆነ ለኮምፒውተሩ ሦስት ወረዳ ነው። ይህን የሚያስተካክል ሰው የወረዳዎቹን ሹማምንት ቁጭ አድርጎ ማስማማት ያለበት ሰው ነው፤ የሙያው ግማሽ ሽምግልና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወረቀቱና ሥራው

ወጣቱ ግን ሲስተሙን ከነሙያው አጣምሮ የሚማርበት ክፍል የለውም። የሚሰጠው ወረቀት ነው፤ የሚጠየቀውም ወረቀት ነው። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ሠልጥኖ ሲጨርስ ሲኦሲ በሚባለው የብቃት ምዘና ያልፋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይሰጠውም። በመጀመሪያው ዙር ካለፈው የወደቀው በልጦ መገኘቱ ብዙ ወላጅ አስደንግጧል፤ ፈተናው የተሰጠው በኮምፒውተር ስለነበር፣ ፈተናው ላይ ሲደርስ ገና ከኪቦርድ ጋር የሚተዋወቅ የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪ እንደነበረም አይዘነጋም።

ከዚህ ላይ በሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ መጣ። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረ፣ ዩዳሲቲ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ በኩል በነፃ የሚሰጥ ሥልጠና ነው፤ የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ይማሩበታል። ግቡ በሦስት ዓመት 5 ሚሊዮን ሰው ነው። ሐሳቡን የሚጠላ የለም። ይፋ የሆነበት ሰሞን ግን በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ከተቋረጠ ዓመት ገደማ ሆኖት፣ በአንዳንድ ከተሞች ብቻ መመለስ የጀመረበት ጊዜ ነበር። የሰቆጣ ወጣት ስለ ኮደርነት በሬዲዮ ሰማ ማለት ይቻላል።

መስመሩ ሲመለስ በየመሥሪያ ቤቱ የምዝገባ ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻ ደግሞ ባሕርይው ቁጥር ነው፤ ስንት ተመዘገበ፣ ስንት ሰርተፍኬት ወሰደ ይባላል። ጥቂት ሳምንት የሚወስድ የመግቢያ ትምህርት ዓይን ይከፍታል፤ ሥራ ግን አይከፍትም። በዓለም ላይ የጀማሪ ፕሮግራመርን ሥራ ቻትጂፒቲን የመሰሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች እየተሻሙት ነው። ፔንታ 3 ከፔንታ 1 በልጦ ሲመጣ ለማን እንደሚደወል ግን መሣሪያው አያውቅም።

ስለዚህ ሰቆጣ ተቀምጦ ማደግ ለሚፈልግ ሰው የሚያዋጣው ትምህርት የተለየ ነው። ኦስሎ የሚያስተዳድረው የዲኤችአይኤስ 2 አካዳሚ መሠረታዊውን ትምህርት በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፤ እሱን የያዘ የጤና መረጃ ባለሙያ በብዙ አገር ሥራ የሚያገኝበትን ሙያ ያዘ ማለት ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌርም ነፃ ነው፤ እንደ ሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ላለ ተቋም፣ ድርቅና የአፈር መሸርሸር የዕለት ጉዳዩ ለሆነ ዞን ካርታ መሥራት የሚችል ሰው ሁልጊዜ ያንሳል። የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች የበጀትና የወጪ ሂሳባቸውን የሚይዙበትን አይቤክስ ከሂሳብ አያያዙ ጋር የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሰኔ 30 ሲቃረብ ስልኩ አያርፍም። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ዶክተር አበራ ከእንስሳት ሕክምና ወደ ኮምፒውተር እንደተሻገሩ ሁሉ፣ ከኮምፒውተሩ ወንበር ተነስቶ የሌላውን ሙያ መማር።

ሰቆጣ የምታስተምረው ሌላም ሙያ አለ፤ ይህኛውን ማንም ፈልጎ አልተማረውም። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ከተማዋ ደረሰ፤ ሰቆጣ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወራት ቆየች። ተቋማት ተዘረፉ፣ መብራትና ስልክ ተቋረጠ። ለዋግ ልጆች ቅርብ የሆነው የወልድያ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ወረራ ኮምፒውተሮቹንና ቤተ ሙከራዎቹን አጥቷል። የሰው ሕይወት በጠፋበት ስለ ኮምፒውተር ማውራት ይከብዳል። ነገር ግን የታካሚ ካርድ፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የተማሪ ውጤት አብሮ ሲጠፋ፣ ከጦርነቱ የተረፈው ሰው ማንነቱን ለማስረዳት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ መሆኑ ቀርቷል። ቅጂው ከሕንፃው ውጭ፣ ቢቻል ከከተማው ውጭ መቀመጥ አለበት። ያለ መብራት የሚነበብ የወረቀት መዝገብም አይጣልም። በሰላሙ ጊዜም ቢሆን መብራት አስተማማኝ አይደለም፤ ጎረቤት በ2009 እ.ኤ.አ. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለውና 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የተከዜ ግድብ አለ፤ የዋግ ወረዳዎች የሐይቁን ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የመብራቱን መምጣትና መሄድ ግን እንደ ዝናብ ይጠብቃሉ።

ገንዘቡስ? በመስከረም 2018 በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ትንሽ አይደለም። አንድ ደህና ላፕቶፕ ግን አሁንም የብዙ ወር ደመወዝ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ማታ ተቀምጦ መማርም በሁሉም ቦታ አይፈቀድም። ስለዚህ ጎበዙ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ያያል። እዚያ ያለው መሰላል እውነተኛ ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው አይኮግ ላብስ አለ፤ የክፍያ መረብ የዘረጋው ቻፓ አለ፤ ኤቱኤስቪ የተባለው ሥልጠና ከአዲስ አበባና ከአዳማ ዩኒቨርሲቲዎች መልምሎ ያሠለጠናቸውን ልጆች ጎግልን ጨምሮ ትላልቅ ኩባንያዎች ቀጥረዋል። ዋግ የተወለደ ልጅ ይህን መሰላል የሚያገኘው በዩኒቨርሲቲ ምደባ ዕድል እዚያ ከደረሰ ነው።

ከቤት ሆኖ ለውጭ ድርጅት መሥራትም ሐምሌ 2016 ላይ ሌላ መልክ ያዘ። ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በዶላር ለሚከፈለው ሰው ያው ሥራ ዕጥፍ ሆነለት። ነገር ግን የውጭ ደንበኛ የሚፈልገው ከችሎታው እኩል ሰዓት ማክበርን ነው። ማክሰኞ ማታ የተቀጠረ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ መስመር ከጠፋ አንድ ጊዜ ይቅርታ ይደረጋል፤ ሦስተኛው ላይ ሥራው ለናይሮቢ ልጅ ይሄዳል። የሞባይል ዳታ ለወራት ሊቋረጥ በሚችልበት ክልል ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ይህን ውድድር የሚጀምረው እጁ ታስሮ ነው፤ ጥፋቱም የሱ አይደለም።

ሰቆጣ ብቻ ልትሠራው የምትችል ሥራም አለ፤ ቋንቋው። ኽምጣኛ የአገው ቋንቋ ነው፤ በግእዝ ፊደል ይጻፋል፣ በትምህርት ቤት ይሰጣል፣ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም ያሠራጭበታል። ጎግል ትርጉም አማርኛን በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ትግርኛንና ኦሮምኛን በ2022 እ.ኤ.አ. ጨምሯል። ኽምጣኛ እዚያ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማሽን ቋንቋ የሚማረው ከተጻፈና ከተቀዳ ነገር ነው፣ የኽምጣኛ ጽሑፍ ደግሞ በመማሪያ መጻሕፍትና በመዛግብት ላይ እንጂ በኢንተርኔት ላይ ጥቂት ነው።

ሥራው ከየት እንደሚጀምር ሌሎች አሳይተዋል። ሌሳን የተባለው፣ አስመላሽ ተካ ሐድጉ ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት ድርጅት ለትግርኛና ለአማርኛ የማሽን ትርጉም የሠራው ግዙፎቹ ኩባንያዎች ቸል ባሉበት ጊዜ ነው፤ መረጃውን ያጠራቀመውም ቋንቋውን ከሚናገሩ ሰዎች ነው። ለኽምጣኛ ከዚያም ቀለል ካለ ቦታ መጀመር ይቻላል። ኪማን በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ለአንድ ቋንቋ የሚስማማ የኪቦርድ አቀማመጥ መሥራት ደረጃ 4 የጨረሰ ሰው ሊይዘው የሚችለው ሥራ ነው፤ «ኽ»ን የመሰሉ ፊደላት አማርኛ ኪቦርድ ላይ በሁለትና በሦስት መርገጫ የሚገኙ ናቸው፣ ለኽምጣኛ ጸሐፊ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈለጉ። ከኪቦርዱ ቀጥሎ የቃላት ዝርዝር ይመጣል፤ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ተለቅሞ በዩኒኮድ የተጻፈ፣ የፊደል ማረሚያ የሚሠራበት። ከዚያ ድምፅ ነው። ተረት የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ ስማቸው ተመዝግቦ፣ ድምፃቸው ተቀድቶ፣ የተናገሩት ቃል በቃል ይጻፋል። አንድ ሰዓት ድምፅ በጽሑፍ ለማስፈር ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ አሰልቺም ነው። ግን በመስመር ላይ የማይመሠረት፣ መብራት ሲመጣ የሚቀጥል ሥራ ነው።

የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። የትምህርት መምሪያው ለመጻሕፍት ዝግጅት፣ ጤናው ዘርፍ ገጠር ላይ በኽምጣኛ ለሚተላለፍ የድምፅ መልእክት፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለጥናት ይፈልጉታል፤ አንዳቸው ብቻቸውን ግን ሙሉ በጀት አይዙለትም። ሦስቱን በአንድ ፕሮጀክት አስማምቶ ማስፈረም እዚያው ዞኑ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሥራ ነው። አንድ ቃል በዞኑ ሰሃላና አበርገሌ ወረዳዎች አንድ መሆኑን የሚያረጋግጠው የኽምጣኛ መምህርም የሚገኘው ሰቆጣ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ገንቢ እሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሰቆጣ ያለ ሰው ማወቅ ይኖርበታል።